ፈለግ፥ ፈለጅ፥ ቃናት፤ ስለ መስኖ ውኃ ስሞች ፍቺና ምንጭ

ስለ መስኖ በተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ሁለት ስሞች ደጋግመው ይገኛሉ፤ አንደኛው ቃናት፥ ሁለተኛው ፈለጅ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ቦይ» ብለው ያልፏቸዋል። ቦይ ግን ውኃ የሚሄድበት የተቆፈረ መንገድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለቱ ስሞች ከዚህ የበለጠ ነገር ይዘዋል፤ ይልቁንም ፈለጅ የተባለው ከግዕዛችን ጋር የሥጋ ዘመድ ስለ ሆነ፥ አገር የሚገዛ ሹምና መሬት ያለው ሰው ፍቺውን ቢመረምረው ለቋንቋ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ውኃ በሚነሣው ክርክር ለሚሰጠው ፍርድ ይረዳዋል። ውኃው በቦዩ መጥቶ ሳለ ሰዎች በውኃ ምክንያት ሲጣሉ፥ የጎደለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቦዩ አይደለምና።

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፥ የአገራችን አቆጣጠር መሆኑን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም የመጀመሪያውን ስም እንደ ዐረቦቹ አነጋገር «ቀናት» ብለን ብንጽፈው የቀን ብዛት ስለሚመስል፥ አንባቢ እንዳይሳሳት «ቃናት» ብለን ጽፈነዋል።

በመጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንመልከት፤ ስም ነገርን ይከተላልና። ዛሬ ኢራን በሚባለው በፋርስ አገር በብዙው ስፍራ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ወንዙም በበጋ ይደርቃል። ነገር ግን በተራራ ግርጌ፥ ጎርፍ ለብዙ ዘመን ባከማቸው ጠጠርና አሸዋ ውስጥ፥ የሰረገ ውኃ ይገኛል። ይህን ውኃ ለማውጣት ባለሙያዎቹ ወደ ተራራው ቀረብ ብለው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ እስኪያገኙ ድረስ ይቆፍራሉ፤ ይህም የጉድጓዶች እናት ይባላል። ከዚያ በኋላ ከታች ከእርሻው ወገን ተነሥተው ወደዚያች ጉድጓድ የሚደርስ መሿለኪያ በምድር ውስጥ እየፈለፈሉ ይወጣሉ። በመንገዱም ላይ በየጥቂቱ ርቀት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጉድጓዶች ይከፍታሉ፤ በነዚህም አፈሩ ይወጣል፥ ነፋስም ይገባል። የወጣው አፈር በየጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ስለሚከመር፥ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ፍልፈል በመስመር የቆፈረው ይመስላል።

የመሿለኪያው ቁልቁለት እጅግ ጥቂት ነው፤ በሺህ ክንድ ርዝመት አንድ ክንድ ያህል ቢወርድ ይበቃዋል። ከዚህ እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ውኃው ወለሉን እየቦረቦረ ግድግዳውን ያፈርሰዋል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ደለል ይሞላበታል። ሥራው በትክክል የተሠራ እንደ ሆነ ግን ውኃው ያለ ባልዲና ያለ ሞተር፥ በገዛ ክብደቱ ሌሊትና ቀን ይወርዳል። በኢራን በጎናባድ ያለው ቃናት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የእናቲቱም ጉድጓድ ጥልቀት ከ300 ሜትር አያንስም። ዩኔስኮ የተባለው የመንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በ2016 ከኢራን 11 ቃናቶችን በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያስገባ ይህ አንዱ ነበር።

ቃናት የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቺውም ሸምበቆ ነው። በጥንቱ በባቢሎንና በአሦር ቋንቋ ሸምበቆ ቃኑ ይባል ነበር፤ በዕብራይስጥም ቃኔ ይባላል። ሸምበቆ ሁለት ጠባይ አለው፤ ውስጡ ክፍት ነው፥ ቁመቱም ቀጥ ያለ ነው። ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ የውኃ መሄጃ ሁሉ በስሙ ተጠራ፤ ቀጥ ያለም ስለ ሆነ የመለኪያ ዘንግ በስሙ ተጠራ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ቤተ መቅደሱን ሲለካ ያየው ሰው በእጁ የያዘው ይህንኑ የመለኪያ ሸምበቆ ነበር። ጽርዓውያን ከሴም ቋንቋዎች ቃሉን ወስደው ሸምበቆውን ካና አሉት፤ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከዚሁ ካኖን የሚል ቃል ወጣ፤ ይህም ቀጥ ያለ ዘንግ፥ ኋላም መለኪያና ደንብ ማለት ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና የምትለው እርሱ ነው። ሮማውያን በበኩላቸው ከሸምበቆው ካናሊስ የሚል ቃል አወጡ፤ ይኸውም አሸንዳ ወይም የውኃ መውረጃ ማለት ነው፤ አውሮጳውያንም ካናል የሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ካናልና ንስሐ የገባ ሰው የሚቀበለው ቀኖና ከአንድ ሸምበቆ የተቆረጡ ናቸው ማለት ነው።

ፋርሶች ግን የራሳቸው የሆነ ሌላ ስም አላቸው፤ ካሬዝ ይሉታል። ይህ ስም በአፍጋኒስታንና በቻይና ምዕራብ በቱርፋን አገር ይሠራበታል። በአልጄሪያ ምድረ በዳ ያሉ ሰዎች ይህንኑ ሥራ ፎጋራ፥ የማሮክ ሰዎች ኸጣራ ይሉታል። የነዚህን ሁሉ ምንጭ መዘርዘር አንባቢን ማድከም ስለሚሆን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

ፈለጅ የሚባለው ስም በይበልጥ የሚሰማው በዐረብ አገር ደቡባዊ ምሥራቅ በዖማን ነው። ዩኔስኮ በ2006 ከዖማን አምስት ፈለጆችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፥ በአገሩ ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል የሚሆኑ በሥራ ላይ እንደሚገኙ አመልክቷል። በዐረብኛ ፈለጀ ማለት ሰነጠቀ፥ ከፈለ፥ ለሁለት ለየ ማለት ነው። የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነውን ሰው ዐረቦች አፍለጅ ይሉታል፤ የሰውነትን አንድ ወገን የሚይዘውንም የሽባነት ደዌ ፋሊጅ ይሉታል፤ ገላን በሁለት ይከፍላልና። የውኃውም ስም ከዚህ የወጣ ነው። ስለዚህ ቃናት የሚለው ስም ውኃው የሚያልፍበትን ነገር ሲጠራ፥ ፈለጅ የሚለው ስም በውኃው ላይ የሚደረገውን ነገር ይጠራል ማለት ነው፤ የተከፈለ፥ ለየባለ ድርሻው የተመደበ ውኃ ነውና።

በዐረብኛ ጅ የሚባለው ፊደል በሌሎቹ የሴም ቋንቋዎች ግ ሆኖ ይገኛል። ለምሳሌ እኛ ግመል የምንለውን እነርሱ ጀመል ይሉታል። በዚህ መንገድ ፈለጅን ብንከተለው በቀጥታ ከግዕዙ ፈለግ ዘንድ ያደርሰናል። በባቢሎንና በአሦር ቋንቋ ፓልጉ ማለት ቦይ ነበር፤ በዕብራይስጥም ፔሌግ የውኃ ፈሳሽ ነው። በመዝሙረ ዳዊት መጀመሪያ፥ በውኃ ዳር ስለ ተተከለው ዛፍ በተነገረው ስፍራ፥ ዕብራይስጡ ይህንኑ ስም በብዙ ቁጥር ይዟል። የግዕዙ መዝሙር ግን ከጽርዕ የተመለሰ ስለ ሆነ በዚያ ስፍራ ፈለግ ሳይሆን ሙሓዝ ይላል፤ ሙሓዝም ወሐዘ፥ ፈሰሰ፥ ከሚለው የወጣ ነው። ስለዚህ ዕብራይስጡ መከፈሉን ሲያይ ግዕዙ መፍሰሱን አየ።

በዚሁ ነገር ላይ የቅኔ ቤት ተማሪ ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ስም አለ። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 10 ከኤቦር ልጆች አንደኛው ፋሌቅ ተብሎ ተጠርቷል፤ ምክንያቱም በዘመኑ ምድር ስለ ተከፈለች እንደ ሆነ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። በዕብራይስጡ የሰውየው ስም ይኸው ፔሌግ ነው። ስሙ ወደ እኛ የመጣው በጽርዕ በኩል ስለ ሆነ፥ ጽርዓውያን በግ ፈንታ በተናገሩት ድምፅ ምክንያት ቅ ይዞ ቀረ፤ ስለዚህም ፋሌቅ ስንል የገዛ ቃላችን ፈለግ አይሰማንም። በዕብራይስጥ የሚሰማ ሰው ግን መክፈልንና የውኃ መስመርን በአንድነት ይሰማል።

በግዕዝ ፈለግ ማለት ወንዝ ነው፤ ብዙ ሲሆን አፍላግ ይባላል። ዐረቦችም ፈለጅን ሲያበዙ አፍላጅ ይላሉ። አንባቢ ልብ እንዲለው የምንወድደው ይህንን ነው፤ ሥሩ ብቻ ሳይሆን የብዛቱ አወጣጥም ልክ አንድ ነው፤ የዖማን ገበሬ አፍላጅ ሲል የኛ ደብተራ አፍላግ ብሎ ይመልስለታል። በኦሪት መጀመሪያ ገነትን የሚያጠጣው ወንዝ በግዕዙ ፈለግ ተብሎ ተጽፏል፤ እርሱም ገነትን ካጠጣ በኋላ በአራት ይከፈላል፤ ከአራቱም አንዱ ግዮን ነው። በአንድምታ ልማድ ብንናገር፥ ፈለግ ወንዝ ነው፤ አንድም ክፍል ነው እንል ነበር።

በአማርኛ ግን ፈለግ ዱካ ሆኗል። የአባቶቹን ፈለግ ተከተለ እንላለን፤ ውኃው የሄደበት መንገድ ቀርቶ ሰው የሄደበት መንገድ የሆነ ይመስላል። ፈለጠና ፈለፈለ የሚሉት ቃላትም መሰንጠቅንና መለየትን ስለሚያሳዩ የዚሁ ወገን ናቸው የሚል ሰው ቢኖር አንከራከረውም፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን እኛ በዚህ ላይ ምንም አንሠራም።

አሁን የስሙ ፍቺ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚታይ እንመልከት። የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ ፈለጅና ቃናት አንድ ናቸው ይላሉ። የዖማን ሰዎች ግን ሦስት ዓይነት ፈለጅ አላቸው። ዳውዲ የሚሉት በምድር ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሄደው፥ እንደ ፋርስ ቃናት ያለው ነው። ዐይኒ የሚሉት ከምንጭ የሚነሣው ነው። ገይሊ የሚሉት ደግሞ ከወንዝ ሸለቆ ላይ ተጠልፎ በገላጣ ቦይ የሚወርደው ነው። ሦስቱ በአወጣጣቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሲሆኑ በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህስ ስለምን ነው ቢሉ፥ ስሙ የወጣው ከአቆፋፈሩ ሳይሆን ከአከፋፈሉ ስለ ሆነ ነው። የኛ ገበሬ ወንዝ ጠልፎ በቦይ የሚያመጣው ውኃ፥ ተራውና ድርሻው የተወሰነ እንደ ሆነ፥ በዖማን ሰው ዓይን ገይሊ ፈለጅ ነው። ተራው ያልተወሰነ እንደ ሆነ ግን ቦይ ብቻ ነው።

አከፋፈሉ እንደሚከተለው ነው። ውኃው ከመሿለኪያው ወጥቶ መጀመሪያ ብርሃን በሚያይበት ስፍራ ሰው ሁሉ የሚጠጣውን ይቀዳል፤ በዚያ ስፍራ ባለጸጋና ድኻ ልዩነት የለውም፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ከዚያ በታች ወደ መስጊድና ወደ መታጠቢያ ይሄዳል፤ ከዚያም የተምር ዛፍ ወዳለበት አትክልት፥ በመጨረሻም በየዓመቱ ወደሚዘራው ማሳ ይደርሳል። ይህ ተራ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ድርቅ በመጣ ጊዜ የዓመቱ ማሳ ሳይዘራ ይቀራል፤ ብዙ ዘመን የተለፋበት የተምር ዛፍ ግን አይደርቅም።

ድርሻው የሚለካው በውኃው ብዛት ሳይሆን በጊዜ ነው። አንዱ መለኪያ አሠር ይባላል፤ የሰዓት እኩሌታ ያህል ነው። በአሠሩ ጊዜ የፈለጁ ውኃ በሙሉ ወደ አንድ ሰው ማሳ ይገባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ተዘግቶ ወደሚቀጥለው ይዞራል። ቀን ቀን ጊዜው የሚታወቀው በመሬት ላይ በተተከለ እንጨት ጥላ ነው፤ ሌሊት በከዋክብት መውጣትና መግባት ነበር፤ ዛሬ በብዙው ስፍራ በእጅ ሰዓት ሆኗል። እያንዳንዱ ፈለጅ የራሱ ሹማምንት አሉት፤ ወኪል የሚባለው ጠቅላላውን ይመራል፤ ዐሪፍ የሚባለው ተራውን ይጠብቃል፤ ገንዘብ ያዥም አለ፤ ደላልም አለ፤ ይህም እኛ ደላላ የምንለው ነው። የደላሉ ሥራ የፈለጁን የራሱን ድርሻ በጨረታ መሸጥ ነው፤ ከውኃው ጥቂቱ አሠር የማንም ሰው ሳይሆን የፈለጁ የራሱ ሀብት ሆኖ ይቀመጣልና፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለደለል ጠረጋና ለጥገና ይሆናል። መንግሥት ገንዘብ እስኪሰድድ ድረስ ቦዩ ደለል ሞልቶ አይቆይም።

ብርከት አልመውዝ በሚባለው መንደር አል ኸጥመይን የተባለ ፈለጅ አለ፤ ከአምስቱ የተመዘገቡት አንዱ ነው። በዚያ ስፍራ ውኃው ከአንድ ቦይ ወደ ሦስት እኩል ቦዮች ይከፈላል፤ እኩልነቱም እጅግ የተጠነቀቀ ስለ ሆነ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያየዋል። የቃሉ ፍቺ በድንጋይ የተጻፈው በዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ዳውዲ የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ የአገሩ ሰዎች ሲናገሩ፥ የዳዊት ልጅ ሰሎሞን በነፋስ ተጭኖ ወደ ዖማን መጥቶ አሥር ቀን ተቀመጠ፤ ለአጋንንቱም በየቀኑ ሺህ ፈለጅ እንዲቆፍሩ አዘዛቸው ይላሉ። እኛ ስለ ሰሎሞን ብዙ ታሪክ እንዳለን ሁሉ እነርሱም ከጥበቡ ድርሻ አላቸው። የመሬት ቁፋሮ አዋቂዎች ግን ሌላ ያሳያሉ፤ ዛሬ በተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ውስጥ በሚገኘው በአል ዐይን አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት አንድ ሺህ ዓመት ገደማ የተሠራ የምድር ውስጥ ፈለጅ አግኝተዋል። ከዚህ የተነሣ ጥበቡ ከፋርስ ወደ ዐረብ ሄደ የሚሉና ከዐረብ ተነሣ የሚሉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ለአገር ገዥ በይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቆፋሪው ማን ነው ከማለት ይልቅ፥ የቆፈረው ሰው ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ነው። ፖሊቢዮስ የተባለው የጽርዕ ታሪክ ጸሐፊ ሦስተኛው አንጥያኮስ በ209 ከክርስቶስ ልደት በፊት ስላደረገው ዘመቻ ሲጽፍ፥ የፋርስ ነገሥታት ቀድሞ ውኃ ወዳልነበረበት ምድር ውኃ ላመጣ ሰው ያንን ምድር እስከ አምስት ትውልድ እየተጠቀመበት እንዲኖር ይፈቅዱለት እንደ ነበረ ይነግረናል። ስለዚህም ሰዎች ብዙ ድካምና ወጪ ሳይፈሩ ውኃውን በምድር ውስጥ ከሩቅ አመጡ፤ በጸሐፊው ዘመንም በውኃው የሚጠቀሙት ሰዎች መነሻው ከወዴት እንደ ሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። አምስት ትውልድ የተባለው በዘፈቀደ አይመስለንም። እንዲህ ያለውን ሥራ አባት ቢጀምረው ልጅ ይፈጽመዋል፤ ፍሬውንም በሙሉ የሚበላው የልጅ ልጅ ነው። ሰው የቆፈረበት መሬት ነገ ለሌላ እንደሚሰጥበት ካወቀ አንዲት ክንድ እንኳ አይቆፍርም፤ ቢቆፍርም ለዘንድሮ የሚበቃውን ብቻ ይቆፍራል።

ሁለተኛው ምስክር የኸራሳን ገዥ ዐብደላህ ኢብን ጣሂር ነው፤ ከ828 እስከ 845 ገዛ። ጋርዲዚ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፥ ሰዎች ስለ ቃናት ሙግት ዘወትር ወደዚህ ገዥ ይመጡ ነበር፤ በሕግ መጻሕፍት ግን ስለዚህ ነገር የተጻፈ አልተገኘም። ገዥውም በራሱ ቁጣና ፈቃድ መፍረድን ትቶ፥ የኸራሳንንና የዒራቅን የሕግ ዐዋቂዎች ሰብስቦ ስለ ቃናት አንድ መጽሐፍ አስጻፈ። መጽሐፉ ዛሬ ጠፍቷል፤ በጋርዲዚ ዘመን ግን፥ ይኸውም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፥ ገና ይፈረድበት ነበር። በዚያ አገር ሕግ ከቃናት አጠገብ ሌላ ሰው ጉድጓድ የማይቆፍርበት የተከለለ ስፍራ አለ፤ ሐሪም ይባላል፤ ግዕዛችን ሕሩም፥ አማርኛችን እርም የሚለው ወንድሙ ነው። መሬቱ ጠንካራ ሲሆን ክልሉ ይጠብባል፤ ውኃ የሚያሳልፍ ልል አፈር ሲሆን ይሰፋል።

ይህ ክልል በተደፈረ ጊዜ የሆነውን የኢራን ታሪክ ያሳያል። በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በሞተር የሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ገቡ። ሞተር ያለው ሰው ከምድር በታች ያለውን ውኃ በብዛት ሲስብ የውኃው ልክ ዝቅ አለ፤ በዚህም ምክንያት የጎረቤቱ ቃናት ደረቀ። በዚሁ ላይ በ1962 የተጀመረው የመሬት ድልድል መጣ። ቀድሞ የደለሉን ጠረጋ ወጪ የሚችሉት ባለ ርስቶቹ ነበሩ፤ መሬቱ ለገበሬዎቹ ሲከፋፈል ግን ጥገናው የማን እንደ ሆነ በብዙ ስፍራ በደንብ አልተወሰነም። ድልድሉ ፍርድ የጎደለው ነበር ለማለት አይደለም፤ ገበሬው መሬቱን ማግኘቱ የሚገባ ነው። ዳሩ ግን መሬቱ ሲከፈል ውኃውንና የውኃውን ሸክም አብሮ መክፈል ያስፈልግ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከቀይ ባሕር ማዶ በውኃ ሥራ ስሙን ያስጻፈ የአገራችን ሰው እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በሒምያር የነገሠው አብርሃ የማሪብ ግድብ በፈረሰ ጊዜ፥ በ548 ገደማ እንዳሠራው በድንጋይ አስቀርጿል። በዚያ ጽሕፈት ውስጥ ለሠራተኞቹ የተሰጠው ቀለብ ተቆጥሮ ይገኛል፤ በሥራው መካከልም በሽታ በገባ ጊዜ ነገዶቹ ወደየቤታቸው እንዲሄዱ አብርሃ ማሰናበቱ ተጽፏል፤ ሥራው የተፈጸመው ከተመለሱ በኋላ ነው። የሠራተኛን ቀለብ ከግድቡ ቁመት ጋር በአንድ ድንጋይ ላይ የጻፈ ጸሐፊ መልካም ጸሐፊ ነው።

በውስጥ አገራችንም ፈለጅ የሚለውን ስም ሳናውቅ ነገሩን እናውቀዋለን። በአማራ አገር በብዙ ስፍራ የውኃ አባት፥ በትግራይም አቦ ማይ የሚባል ሰው አለ። የሚመርጡት ውኃውን የሚጠጡት ገበሬዎች ናቸው፤ እርሱም ተራውን ይመድባል፥ ለቦይ ጠረጋ ሰው ይጠራል፥ ከተራው ውጭ ውኃ የከፈተውን ይቀጣል። የዖማን ዐሪፍና ወኪል ሥራ በአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ቋንቋችን ሦስቱን ነገር ለያይቶ ይዟል፤ ቦዩ ቦይ ነው፥ ተራው ተራ ነው፥ ሰውየው የውኃ አባት ነው፤ ሦስቱን በአንድነት የሚጠራ ስም የለንም። ከዚህም የሚመጣ ጉዳት አለ። ለመስኖ ሥራ ገንዘብ ሲጠየቅና ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ የሚታየው ቦዩ ብቻ ይሆናል፤ ርዝመቱ፥ ሲሚንቶው፥ የሚያጠጣው ጋሻ ወይም ሄክታር ይጻፋል፤ ተራውና የውኃ አባቱ ግን ስም ስለሌላቸው በወረቀቱ ላይ ስፍራ አያገኙም። አዲሱ ቦይ ከአሮጌው በላይ ወይም በታች ሲያልፍ የቀድሞው ተራ ይፈርሳል፤ ከራስጌ ያለው ሁለት ጊዜ ያጠጣል፥ ከግርጌ ያለው የደረቀ ቦይ ይጠብቃል፤ ከዚያም ሌሊት በዱላ መጠባበቅ ይመጣል።

በዚህ ላይ አንድ የሥራ ነገር እንጨምር። ተራ በጊዜ ሲከፈል ሁሉ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የደረቀ ቦይ ለመርጠብ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ከራስጌ ያለ ሰው አጥጥቶ ከዘጋ በኋላ ተራው ዘሎ ከግርጌ ላለው ሰው ቢሰጥ፥ የዚህ ሰው ጊዜ እኩሌታው ቦይ በማርጠብ ያልቃል። ስለዚህ ተራው ሳይዘልል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ቢተላለፍ ይሻላል፤ የመጀመሪያውም ማርጠቢያ ውኃ ከማን ድርሻ እንደሚታሰብ አስቀድሞ ይወሰን። ይህን የሚያውቀው ከመሐንዲሱ ይልቅ የውኃ አባቱ ነው።

የመንግሥታችን ሕግ ለዚህ መሠረት አለው። በአገራችን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ቁጥር 841 ስለ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ይናገራል። ሹም ይህን ማኅበር ሲያቋቁም የቆየውን የውኃ አባት ሽሮ ከከተማ የመጣ ሊቀ መንበር ማስቀመጥ የለበትም። የውኃ አባቱ መጻፍ ባይችል ጸሐፊ ይጨመርለት፤ የተራውን ሥርዓት ግን በቃሉ ይዞታልና እርሱ እየተናገረ ይጻፍ።

የፋርስን የምድር ውስጥ ቃናት ወደየወረዳው እናምጣ የሚሉም አሉ። ይህ ሥራ የሚሆነው በተራራ ሥር ጠጠርና አሸዋ በተከማቸበት፥ ውኃውም ከእርሻው ከፍ ብሎ በሚገኝበት ምድር ነው፤ ደረቅ ጭቃ ወይም ጠንካራ አለት ባለበት ቢሞከር ገንዘብ መጣል ነው። በደጋና በወይና ደጋ በብዙው ስፍራ የሚስማማን ከወንዝ ጠልፎ በገላጣ ቦይ ማውረድ ነው፤ ይህም ገይሊ ያልነው ነው።

ስለ ስሙ፥ ከግዕዝ ፈለግን አንሥተን ለመስኖ ሥራ ሁሉ እንጠቀምበት ብለን አናሳስብም። ገበሬው ፈለግ ሲባል ዱካ ስለሚሰማው፥ ውኃ ይመጣልሃል ሲሉት የጠፋ በሬ ሊፈልጉለት የመጡ ይመስለዋል። በሚጻፈው ራፖር ላይ ግን የቦዩ ርዝመት በተጻፈበት በዚያው መስመር፥ ተራው በስንት ቀን እንደሚዞር፥ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ የመጨረሻው የግርጌ ማሳ የማን እንደ ሆነና የውኃ አባቱም ማን እንደሚባል ይጻፍ። ከነዚህ አንዱ ያልተሞላበት ወረቀት ሲደርሰው፥ ገዥው ማኅተሙን ሳያሳርፍ ወደ መጣበት ቢመልሰው መልካም ነው።